ቪዮላው ምን ይሥራ?

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ስሜን ገና ስታይ «ይሄ ሰውዬ ጉዳይ ቢኖረው ነው» እንደምትል አውቃለሁ፤ እውነትህን ነው። ጠፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ፤ የቀረውን ስድብ በአካል ስንገናኝ ትጨርሰዋለህ። ቤተሰብ ደህና ነው፣ ጅማም ዝናቧን እያወረደች ነው።

ጉዳዩ አልበሙ ነው። ሁለት ቫዮሊን፣ ቪዮላና ቼሎ በኖታ፤ ቫይብራፎን (የብረት ዘንጎቹ በመዶሻ የሚመቱት መሣሪያ)፣ ባስና ድራም ደግሞ በጃዝ ወግ፣ በሶሎ፣ ማለትም አንዱ ከራሱ እየፈጠረ። ሙላቱ አስታጥቄ በተወለደባት ከተማ ቫይብራፎን መደርደር ድፍረት ነው ብለህ ሳቅ፣ ግድ የለም።

ትዝታውና ባቲው ተቃንተዋል። ያስቸገረው የአንቺሆዬ ቅኝት ነው። ከሲ ሲነሳ ድምፆቹ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ናቸው («ፍላት» ግማሽ ቶን ዝቅ ያለ ነው)፤ ጂ የሚባል ነገር የለውም። የቼሎ ሁለቱ ወፍራም ክሮች ደግሞ ሲና ጂ ናቸው፤ ከሥር ድምፅ ለመያዝ አብረው ክፍት፣ ማለትም ጣት ሳይነካቸው፣ ከተጎተቱ ቫይብራፎኑ ጂ ፍላት በመታ ቁጥር በግማሽ ቶን ይላተማሉ፣ ድምፁን የሚያስረዝመው ፔዳል ከተረገጠማ ግጭቱ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ኤፍና ሲ ቢያዝ ይጥማል፤ ግን ጆሮ ኤፍን መነሻ አድርጎ ይቀበልና ቅኝቱ ይከዳል። የሚያዋጣው ክፍቱን ሲ፣ በጂ ክር ላይ በአራተኛ ጣት ከሚያዘው ሲ ጋር በኦክታቭ (ያው ድምፅ ከፍ ብሎ) መጎተት ነው። ቼሎው በዚህ ይድናል። ቪዮላው ግን ያው ሲና ጂ ክር አለበት! ጨርሶ ዝም ይበል ወይስ ዲ ፍላትና ጂ ፍላትን ይያዝ? ሁለተኛው ይበልጥ ይስበኛል፤ ግን እንዳይከብድ እፈራለሁ። አንተ ነህ የምታውቀው።

ሌላው የሶሎው ርዝመት ነው። ፈረንሳዊው ፒያኖ ተጫዋች ዣክ ሉሲዬ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የባኽን ሙዚቃ በፒያኖ፣ በባስና በድራም ሲጫወት ለሦስት ሰው መተያየት ይበቃ ነበር። ኖታ ላይ ያፈጠጡ አራት ሰዎች ግን ሶሎው በረዘመ ቁጥር ቆጠራው ይጠፋቸዋል። ስለዚህ የእነሱ 8 ሜዠር (የምት ክፍል) ኖታው ላይ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ሶሎው እስኪያልቅ ይደጋገማል፤ መውጫው ምልክት የሚሰጠው 7ኛው ሜዠር መጀመሪያ ላይ ነው፣ በአንደኛ ቫዮሊን ተጫዋቹ የራስ ንቅናቄ። 8ኛው መጨረሻ ላይ ከሆነ አንዱ ቀስቱን አዙሯል። የቀስት መመለሻውም አራቱ እኩል እንዳይሆን ለየብቻ ይጻፍ፤ አለዚያ ድምፁ ይቆረጣል። ደግሞ በየድግግሞሹ «ፒያኒሲሞ» (በጣም በዝግታ ድምፅ) ካልተጻፈ ሰው ሲሰለቸው ድምፅ ይጨምራል፣ ሶሎው ይዋጣል። (ቫዮሊኖችን ማለቴ ነው፤ አትቆጣ።)

ቅኝት መግጠሙን በቫይብራፎኑ አድርገነዋል። ብረቱ ኤ 442 ኸርዝ ሆኖ ተሠርቶ መጥቷል፣ ሊላላም ሊጠብቅም አይችልም፤ ክሮቹ ይከተሉታል። ቀረጻው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው፤ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የቫዮሊኑ ማይክ ከቀስቱ ይልቅ ጣሪያውን ነው የሚሰማው።

ስለ ክፍያው... እ... እሱን እንነጋገራለን። ቡና ግን ከነገ ጀምሮ ልልክልህ እችላለሁ፣ ጉቦ ብለህ እንዳትመልሰው ብቻ።

ኖታውን በቴሌግራም ልኬልሃለሁ። የቪዮላውን መስመር እንደፈለግህ ሰርዝ፣ ደልዝ። 17ኛው ሜዠር ላይ ያለችውን የሁለተኛ ቫዮሊን ኖታ ግን አትንካት፤ ስህተት ትመስላለች እንጂ ሆን ተብላ የገባች ናት።

ወንድምህ፣ ከጅማ