በሽተኛውን አልጋ ላይ ያቆየው መርፌው ነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

መድኃኒት ስለተላመዱ ጀርሞች ሲወራ ሁሌም የሚወቀሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ የሚሸጠው ፋርማሲ ነው። ይገባዋልም። እኔ ግን የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝና ከውስጥ የሚታየኝን ልጻፍ።

ባለፈው ኅዳር አንድ ገበሬ ባጃጅ ተገልብጦበት የቆሰለው እግሩ አመርቅዞ እኛ ጋ ተኛ። እንደተለመደው ሴፍትሪያክሶን የተባለው በመርፌ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ተጀመረለት። ለውጥ የለም። በኋላ ካልቸር (ከቁስሉ ናሙና ተወስዶ ጀርሙና የሚያጠፋው መድኃኒት የሚለይበት ምርመራ) ሲሠራ ሜቲሲሊን የተባለው አንቲባዮቲክ የማይበግረው ስታፊሎኮከስ የሚባል ጀርም ተገኘ። ይህን ጀርም ሴፍትሪያክሶን አይነካውም። ወደ ቫንኮማይሲን ተቀየረ። ትኩሳቱ ጠፋ፣ መግሉ ቆመ፣ ሰውየው በክራንች ግቢውን ይዞር ጀመር። ግን አልወጣም! ቫንኮማይሲን በቀን ሁለቴ፣ በደም ሥር፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት እየተንጠባጠበ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። በአፍ ቢዋጥ ከአንጀት ወደ ደም ስለማይገባ ለቁስል አይረዳም። ሚስቱ «ጤፉ ረገፈ እኮ እህቴ፣ መቼ ነው የምትለቁን?» ስትለኝ የምመልሰው ጠፋኝ።

በዚሁ ጀርም ላይ የሚሠራ ሊኒዞሊድ የሚባል መድኃኒት አለ። ኪኒኑ ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ወደ ደም ይገባል። ካልቸሩ ጀርሙን እንደሚያጠፉት ካሳየ፣ በአፍ የሚዋጡት ዶክሲሳይክሊን ወይም ኮትሪሞክሳዞል የሚበቁበት ጊዜም አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው ኦቪቫ የተባለ የእንግሊዝ ጥናት የአጥንትና የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን ያለባቸውን 1,054 ሕሙማን ተከታትሎ ነበር። በአፍ የታከሙት በደም ሥር ከታከሙት የከፋ ውጤት አልነበራቸውም። መካከለኛው የሆስፒታል ቆይታቸው ደግሞ 11 ቀን ሲሆን የሌሎቹ 14 ነበር።

ሊኒዞሊድ ለሁሉም ይበተን እያልኩ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለክፉ ቀን ከሚቀመጡት ተርታ መድቦታል። የደም ሴሎችንም ሊቀንስ ስለሚችል በየሳምንቱ ምርመራ ይፈልጋል፤ ከከተማ ለራቀ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ደግሞ «መርፌ ካልተወጋሁ ታከምኩ አልልም» የሚል በሽተኛ ሞልቷል። በነገራችን ላይ፣ እንደዚያ የሚያስብ ሐኪምም አይጠፋም።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በተቻለ መጠን የካልቸር ናሙናው የመጀመሪያው መርፌ ሳይሰጥ ይወሰድ። ውጤቱ ሲመጣም ፋይል ውስጥ ተኝቶ አይቅር፤ በጠዋቱ ራውንድ፣ ሐኪሞች በሽተኞችን በየአልጋው ሲጎበኙ፣ ይነበብና «ይህ ሰው የተኛው በሕመሙ ነው ወይስ በመርፌው?» ተብሎ ይጠየቅ።

አንዲት ነርስ፣ ከአዲስ አበባ