ላውንድሪ የነበረው ሰውዬ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎንስ ተሻለዎት? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «አሜሪካም ሄደህ ካውያ ያዝክ?» ብለው የሳቁብኝን አልረሳሁትም። ያዝኩ፣ አባባ! እዚህ በእንፋሎት ነው እንጂ በከሰል አይደለም። ኮሌታ ግን አሁንም እርስዎ እንዳሳዩኝ ከጫፍ ወደ መሃል ነው የምተኩሰው።

ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ አንድ የሙያ ጓደኛዎ ነው። ጆርጅ ፕሬስተን ማርሻል ይባላል። እዚሁ ዋሽንግተን ከአባቱ የወረሰውን ላውንድሪ አስፋፍቶ ብዙ ቅርንጫፍ ከፈተ። በፈረንጆቹ 1932 ደግሞ ከሸሪኮች ጋር ሆኖ ቦስተን ላይ የፉትቦል ቡድን ያዘ። የእኛ ኳስ እንዳይመስልዎ። ኳሱ ሞላላ ነው፤ በእጅ ይዘውት ይሮጣሉ፣ ይላተማሉ። ያን ጊዜ ከጨዋታው ገንዘብ አይገኝም ነበር። ሸሪኮቹ በዓመቱ ከስረው ወጡ፤ እሱ ቀረ። ቦስተን ተመልካች ሲጠፋ በ1937 ቡድኑን ጠቅልሎ ዋሽንግተን አመጣው። በዚያው ዓመት ዋንጫ በሉ።

ነጋዴነቱን ልንገርዎ። ሰው ለጨዋታው ብቻ እንደማይመጣ ገብቶታል። የማርሽ ባንድ አቋቋመ፤ እረፍቱንም ትርኢት አደረገው። ሊጉ ለሁለት ተከፍሎ የየምድቡ አንደኞች ለዋንጫ እንዲገናኙ ከገፋፉት አንዱም እሱ ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ፎቶውን ከካውያዬ በላይ እሰቅለው ነበር።

ቀሪውን የነገሩኝ ደንበኛዬ የሆኑ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። ማርሻል ጥቁር ተጫዋች አላስገባም ብሎ ሙጭጭ አለ። ከ1946 ጀምሮ ሌሎቹ ቡድኖች አንድ በአንድ ሲያስገቡ እሱ አሻፈረኝ። ያውም ጥቁር በሞላበት ከተማ! የሽማግሌው አባት በገዛ ከተማቸው ስታዲየም ተቀምጠው ለእንግዳው ለክሊቭላንድ ቡድን ነበር የሚጮሁት። ጥቁሩ ኮከብ ጂም ብራውን የሚጫወተው እዚያ ነዋ።

በመጨረሻ የረታው መሬት ነው። አዲሱ ስታዲየም የተሠራው በፌዴራል መንግሥት ቦታ ላይ ነበር። የፕሬዚዳንት ኬኔዲ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ስቱዋርት ዩዳል ጥቁር ካላስገባህ እዚህ አትጫወትም አሉት። በ1962 ጥቁሩ ተጫዋች ቦቢ ሚቸል ገባ። ከየት መጣ አይሉኝም? ከዚያው ከክሊቭላንድ! ሽማግሌው እዚህ ሲደርሱ ሳቅ አላስጨርሳቸውም።

ሰውዬው በ1969 ሞተ። በኑዛዜው አብዛኛውን ሀብቱን ለሕፃናት መርጃ ተናዘዘ። ደግ አደረገ እንዳልል፣ ጥቁርና ነጭን አንድ ላይ ለሚያደርግ ለምንም ነገር እንዳይውል ብሎ አሰረው። ፍርድ ቤት ያቺን ማሰሪያ ሰረዘ፤ ገንዘቡ ግን ለሕፃናቱ መርጃ ዋለ። ከስታዲየሙ ደጅ የቆመውንም መታሰቢያ በ2020 ነቅለው ወሰዱት።

ሽማግሌው ስለ እርስዎም ጠየቁኝ። ደሴ ፒያሳ የከሰል ካውያ ይዘው ቆመው እንዳሳደጉን ስነግራቸው «እኔም እናቴ እንዲህ ያለ ነበራት» አሉ። ፎቶውን ላሳይዎ ብዬ ቃል ገባሁላቸው። እባክዎ፣ እህቴ ካውያዋን ከቁምሳጥኑ ላይ አውርዳ ታንሳልኝ። አመዱን እንዳትጠርገው።

የጉልበትዎን ቅባት በሚመጣ ሰው እልካለሁ።

ልጅዎ