ኮንደንሰሩን ማውጣት ቀላል ነው፤ ቮልቱ ግን የት ይሄዳል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሰሞን ከአሮጌ ራዲዮ ዕቃ ስለሚሠራ የቫልቭ አምፕሊፋየር (በመስታወት ቱቦ ቫልቮች ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ) ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ በደስታ ነው ያነበብኩት፤ በአማርኛ ጋዜጣ ላይ ኢኤል84 የሚል የቫልቭ ስም አያለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ግን አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። ቀጥታ የተያያዘው ዓይነት፣ በሁለቱ ቫልቮች መካከል ኮንደንሰር (ካፓሲተር) ስለሌለው፣ ለጀማሪ ቀላል ነው ይላል። እንድታርሙልኝ የምፈልገው ያቺን ዓረፍተ ነገር ነው።

ዝም ብዬ ላልፍ ነበር። ግን የጎረቤቴ ልጅ በአንድ እጁ ጋዜጣችሁን፣ ብብቱ ስር ደግሞ የአያቱን ራዲዮ ይዞ ከች አለ። «ጋሼ፣ እስከ እሁድ እንጨርሰዋለን?» አለኝ። የጀርባውን ካርቶን ፈትቼ ቫልቮቹን አየሁ። ዩኤል84፣ ዩሲኤች81፣ ሁሉም በ«ዩ» የሚጀምሩ ናቸው። ወዲያው እጁን ከሻሲው፣ ዕቃዎቹ ከተገጠሙበት የብረት መደብ ላይ፣ እንዲያነሳ ነገርኩት። ራዲዮው ሶኬት ላይ አልተሰካም፤ ቢሆንም ከአሁኑ ልማድ ይሁንበት ብዬ ነው።

ለምን መሰላችሁ? በ«ዩ» የሚጀምሩት ቫልቮች ማሞቂያቸው (ውስጣቸው የሚግለው ሽቦ) በተከታታይ ተያይዞ ከግድግዳው መብራት በቀጥታ እንዲሠራ የተሠሩ ናቸው። እንዲህ ያሉት ራዲዮዎች አብዛኞቹ ከመብራቱ የሚለያቸው ትራንስፎርመር የላቸውም። የብረት ሻሲው ከአንዱ የመብራት ሽቦ ጋር የተገናኘ ነው። ሶኬቱ ተገልብጦ ከተሰካ ሻሲው ራሱ 220 ቮልት ተሸክሟል ማለት ነው። ሰውን የሚጠብቀው ሳጥኑ ብቻ ነው። ያንን ሻሲ አውጥቶ፣ ስልክ የሚሰካበት ጃክ ገጥሞበት፣ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ልጅ ምን ሊደርስበት እንደሚችል ልነግራችሁ አልፈልግም። በ«ኢ» የሚጀምሩት፣ እንደ ኢኤል84 ያሉት፣ በ6.3 ቮልት የሚሞቁ ናቸው፤ ትራንስፎርመር ካለው ራዲዮ ውስጥ ነው የሚፈለጉት። ጽሑፋችሁ «አሮጌ ራዲዮ ፈልጉ» ብሎ ሲያበቃ ይሄን አንድ ፊደል መጨመር ነበረበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ሲንግል-ኤንድድ የሚባለው አምፕሊፋየር ድምፁን ሙሉ በሙሉ በአንድ የውጤት ቫልቭ ነው የሚያወጣው። ሥራውን የሚካፈለው ሁለተኛ ቫልቭ የለም። ሙዚቃ ኖረም አልኖረም ያው ከረንት ይፈስሳል፣ ቫልቩም ያው ይሞቃል። ከረንቱ ቫልቩን ከስፒከሩ ጋር በሚያገናኘው በውጤት ትራንስፎርመሩ ውስጥ ስለሚያልፍ፣ የትራንስፎርመሩ የብረት ቅጠሎች መካከል ስስ ወረቀት ተደርጎ ክፍተት ይተዋል፤ አለዚያ ብረቱ ይጠግብና፣ ማለትም ከዚያ በላይ ማግኔት መሸከም ያቅተውና፣ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። የድሮ ራዲዮ ትራንስፎርመር ለዚህ የሚመቸው ክፍተቱ ድሮውኑ ስላለው ነው።

በተለመደው አሠራር የመጀመሪያው ቫልቭ ድምፁን ለሁለተኛው የሚያቀብለው በኮንደንሰር ነው። ኮንደንሰሩ ድምፁን ያሳልፋል፣ የመጀመሪያውን ቫልቭ ከፍተኛ ቮልት ግን ያግዳል። ሲያረጅ ግን ያፈሳል። የድሮ ራዲዮ ጠጋኝ የሆነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፦ ድምፁ መጀመሪያ ይጎረናል፣ ከዚያ የውጤት ቫልቩ ይግላል፣ ከዚያ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ጥፋቱ የዚያች ትንሽ ኮንደንሰር ነው። ታዲያ እሷን አውጥቶ ሁለቱን ቫልቮች በሽቦ ማገናኘት የሚለው ሐሳብ ቢያጓጓ ምን ይገርማል? ሎፍቲን እና ዋይት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1930 አካባቢ ያደረጉት ይሄንኑ ነው። 24 የሚባለውን ቫልቭ ከ45 ጋር በቀጥታ አያያዙት። እስከ ዛሬም ይሄ አሠራር በእነሱ ስም ነው የሚጠራው።

ጥቅሙ ደግሞ እውነት ነው፣ አልክድም። ኮንደንሰር ያለበት አምፕሊፋየር ድምፁ ከአቅሙ ሲያልፍ ኮንደንሰሩ ይሞላና እስኪራገፍ ድረስ ለአፍታ ይታፈናል። ቀጥታ የተያያዘው ይሄ የለበትም። እኔ ቤት ያለው ወደ 2 ዋት ብቻ ነው የሚያወጣው። ግን የክራር ጅማት ሲነካ ጣቱ ጅማቱን ሲለቅ ያለችውን ድምፅ ለብቻዋ ትሰሟታላችሁ። ለማላውቀው ሰው ይሄን ማስረዳት ይከብደኛል፤ ቤቴ መጥቶ ቢሰማ ደስ ይለኛል።

ግን ኮንደንሰሩ ሲወጣ ቮልቱ አብሮት አይወጣም። ጽሑፋችሁ የዘለለው እዚህ ላይ ነው። የእኔን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ቫልቭ ከአሮጌ ቴፕ የወጣ ኢሲሲ82 ነው። አኖዱ (ኤሌክትሮን የሚቀበለው ክፍል) ላይ 82 ቮልት አለ። ይሄ 82 ቮልት በሽቦ በቀጥታ ኢኤል84 ግሪድ (ከረንቱን የሚቆጣጠረው ክፍል) ላይ ይሄዳል። ኢኤል84 በትሪዮድ አያያዝ (እንደ ባለ ሦስት ክፍል ቫልቭ ተያይዞ) እንደሚገባው እንዲሠራ ግሪዱ ከካቶዱ (ኤሌክትሮን ከሚለቀው ክፍል) 10 ቮልት ገደማ ማነስ አለበት። ስለዚህ ካቶዱ ወደ 92 ቮልት ከፍ ማለት አለበት። ከፍ የሚያደርገው ከስሩ ያለው የ2.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ነው፤ 34 ሚሊ አምፒር ሲያልፍበት 92 ቮልት ይሆናል። በዚያ ላይ ቫልቩ ራሱ የሚፈልገው 250 ቮልት አለ። ደምሩት፤ ትራንስፎርመሩ የሚበላትን ጨምሮ 350 ቮልት ገደማ ነው። አንዱ ፎቅ በሌላው ላይ እንደተሠራ ቤት ማለት ነው። ሬዚስተሩ ብቻ ከ3 ዋት በላይ ሙቀት ያወጣል፣ ባለ 10 ዋት ቢሆን ነው የሚሻለው።

እዚህ አሠራር ውስጥ በጣም የምወደው ነገር እዚሁ አለ። ካቶዱ ስር 92 ቮልት ስላለ፣ ቫልቩ ቢያረጅ ወይም ሌላ ቢቀየር ሁለት ቮልት ያህል ቢለያይ ነው፤ የሁለት ቮልት ልዩነት ከ92 ላይ ምንም ማለት አይደለም። ከረንቱ ያው ነው። የትኛውንም ኢኤል84 ብሰካ ቴስተሩ ላይ የማየው ቁጥር እምብዛም አይለወጥም።

ኢኤል84 ሌላም ገደብ አለው። በማሞቂያውና በካቶዱ መካከል ከ100 ቮልት በላይ እንዳይኖር አምራቾቹ ጽፈውበታል። 92 ላይ ሆኖ ስምንት ቮልት ብቻ ነው የቀረው። መብራት ከፍ ባለ ቀን ይሄ ስምንት ቮልት ጠባብ ነው። እኔ በኋላ ማሞቂያውን ራሱን በሁለት ሬዚስተር 40 ቮልት ገደማ ከፍ አድርጌዋለሁ፤ አሁን ልዩነቱ 50 አካባቢ ነው።

«በኋላ» ያልኩት በምክንያት ነው። የመጀመሪያውን የሠራሁት ከአባቴ ራዲዮ ነበር። ትራንስፎርመሩ፣ የውጤት ትራንስፎርመሩ፣ ቫልቩ ሁሉ ከእሱ ነው። ቮልት እንዳይጎድለኝ ብዬ የቫልቭ ሬክቲፋየሩን (ተለዋዋጩን ከረንት ወደ ቀጥታ የሚቀይረውን) ትቼ ዳዮድ አስገባሁ። ካቶዱ ላይ ያለችው ኮንደንሰር ደግሞ ባለ 100 ቮልት ነበረች። ካቶዱ 92 ነው፣ ይበቃታል አልኩ። ለሦስት ሳምንት ሠራ። አንድ ማታ ትንሽ ሽሽታ ሰማሁና፣ የትኛው ቫልቭ እንደሆነ ልለይ ብዬ፣ ሳላጠፋው ኢሲሲ82ን ነቀልኩት።

በሌላ አምፕሊፋየር ብትነቅሉት ድምፁ ይጠፋል፣ ሌላ ምንም አይሆንም። እዚህ ግን 82 ቮልቱን ይዞት የነበረው ያ ቫልቭ ነው። እሱ ሲነሳ የኢኤል84 ግሪድ ወደ ላይኛው ቮልት ተጎተተ፣ ካቶዱም ተከተለው። ስሌቱን በኋላ ሠርቼዋለሁ፣ ወደ 180 ቮልት ይደርሳል። ባለ 100 ቮልቷ ኮንደንሰር ፈነዳችና ሾርት አደረገች። ካቶዱ በአንዴ ዜሮ ላይ ወደቀ። ቫልቩን የሚገታው ነገር አልቀረም። አኖዱ መሃሉ ላይ መጀመሪያ እንደ ሳንቲም የምታህል ቀይ ነጥብ ሆነ፣ ከዚያ ሙሉው ከሰል መሰለ። ሶኬቱን እስክነቅል የውጤት ትራንስፎርመሩ ቀጭን ሽቦ ተበጥሷል። የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታው ቤቱን ሞላው። አባቴ ዜና የሰማበት ትራንስፎርመር ነበር።

ለጀማሪ ቀላል የሚለው ቃል ያሳመመኝ ለዚህ ነው። ዕቃው ትንሽ ነው፣ እውነት ነው፣ አንድ እፍኝ አይሞላም። ግን እያንዳንዱ ዕቃ በሌላው ላይ ተደግፏል። አንዱ ቢነቀል፣ አንድ ብየዳ ቢለቅ፣ የመጀመሪያው ቫልቭ ማሞቂያው ቢበጠስ፣ ያው እኔ ላይ የደረሰው ይደርሳል። ዳዮድ ደግሞ አይጠብቅም። ማብሪያውን እንደነካችሁ፣ ቫልቮቹ ሳይሞቁ፣ ሙሉው 350 ቮልት ግሪዱ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ የምሠራው እንዲህ ነው። የካቶዷ ኮንደንሰር ባለ 400 ቮልት ናት፣ ዋጋዋ ወደድ ቢልም አልደራደርባትም። ሬክቲፋየሩ ጂዜድ34 የሚባለው ቫልቭ ነው፤ ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ሌሎቹ እስኪነቁ ቮልቱን ያዘገየዋል። እሱን ያላገኘ በዳዮድ ይሥራ፣ ግን ለከፍተኛው ቮልት የተለየ ማብሪያ ያድርግና ቫልቮቹ እስኪሞቁ ግማሽ ደቂቃ ይጠብቅ። ከከፍተኛው ቮልት መስመር ላይ ትንሽ ፊውዝ አለ። ዋናዎቹ ኮንደንሰሮች ላይ ደግሞ ሳጠፋው የሚያራግፋቸው ሬዚስተር በይኛለሁ፤ ሶኬት የተነቀለ አምፕሊፋየር ሰው መግደል ይችላል። ስለካ አንድ እጄ ኪሴ ውስጥ ነው። ይሄን ያስተማረኝ ፒያሳ አካባቢ ራዲዮ ይጠግን የነበረ ትልቅ ሰው ነው። እሱ ሲለካ ግራ እጁን ጋቢው ውስጥ ይሸጉጥ ነበር።

ልጁን አልመለስኩትም። የአያቱን ራዲዮ ወደ ሳጥኑ መለስነው፤ እሱ ራዲዮ ሆኖ ይቀመጥ። እኔ ጋ ካሉት ትራንስፎርመር ያለው አንድ ሻሲ ሰጠሁት። መጀመሪያ በኮንደንሰር የተያያዘውን ይሠራል፣ አኖዱን፣ ግሪዱን፣ ካቶዱን ለክቶ በወረቀት ይጽፋል። ቁጥሮቹ ለምን እንደዚያ እንደሆኑ ሳላስታውሰው ከነገረኝ በኋላ ኮንደንሰሯን አብረን እናወጣታለን።

ከእናንተ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር በሚቀጥለው እትም አርሙልኝ፣ ስለ «ዩ» ቫልቮችም አንድ መስመር ጨምሩ፤ ልጁ ብቻ አይደለም ጽሑፉን ያነበበው። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለ ሥዕል ስታወጡ በየነጥቡ ሊገኝ የሚገባውን ቮልት ጻፉበት። ቮልት የሌለበት ሥዕል ቴስተር ይዞ ለቆመ ልጅ ምንም አይነግረውም። የእኔን ሥዕል ከነቁጥሮቹ በእጄ ሥዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ፤ ከፈለጋችሁ አትሙት።

አክባሪያችሁ፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ