መገናኛው ቀድሞ አልሸሸም

ክቡር አዘጋጅ፣

በግንቦት 1983 ደሴና ኮምቦልቻ ኢሕአዴግ በደርግ ሠራዊት ላይ በከፈተው ዘመቻ ዋለልኝ እንዴት እንደተያዙ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ስለ ታንኩ፣ ስለ መድፉና ስለ አዛዦቹ ሙሉ ገጽ ተጽፏል። በደርግ ሠራዊት ውስጥ የሬዲዮ ግንኙነቱን እንሠራ ስለነበርነው ስለ እኛ ስለ መገናኛ ሰዎች ያለው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «የመገናኛ ክፍሉ ቀድሞ በመሸሹ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል የነበረው ግንኙነት ተቋረጠ»። ደሜን ያፈላው ይህ ነው።

ጸሐፊው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው በሐረጎ ቁልቁለት ወርዶ ያውቃል? መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮምቦልቻ ግን ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ከተራራው ወዲያ ናት። ታንክ ላይ የሚገጠመው አር 123 ሬዲዮ ገላጣ ሜዳ ላይ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ቢደርስም ሞገዱ ተራራ አይዘልም። ስለዚህ ከፍታ ላይ ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው የሚያስተላልፍ ማቀባበያ ጣቢያ ይተከላል። ጣቢያውን የሚጠብቀው እግረኛ ተነሥቶ ሲሄድ ሁለት ኦፕሬተሮች ምን ይዘው ይከላከሉት? ሩቅ የሚሠራው የአጭር ሞገድ ሬዲዮም ቢሆን ቀን ያገናኘው ፍሪኩዌንሲ ሲመሽ አያገናኝም፤ ዝቅ መደረግ አለበት፤ ለዚያም ወዲያኛው ጫፍ ላይ የሚያዳምጥ ሰው ያስፈልጋል። ጠርተን የሚመልስልን ከጠፋ ሸሹ የምንባለው እኛ ነን?

በዚያች ሌሊት ማዳመጫውን ከጆሮዬ አላወረድሁም። ስንጣራ አደርን። እንድንወጣ ስንታዘዝ የመጨረሻው ሥራችን የምስጢር ኮዱን ወረቀት ማቃጠል ነበር። ባልንጀራዬ አንድ ፊደል እንኳ እንዳይነበብ አመዱን በእግሩ እየረገጠ በተነው። ነፍሱን ብቻ ይዞ የሚሮጥ ሰው እንዲህ ያደርጋል? እኛ ስንወጣ መኪኖቹ ሄደው ነበር፤ ቦርከናን ይዘን በእግራችን ወረድን።

ስለ መመለሳችን ዘገባው ቃል አልተነፈሰም። የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን ጦላይን በመሰሉ ካምፖች ተመዘገብን። እኔ ሙያዬን «መገናኛ» ብዬ ተናገርሁ፤ መዝጋቢው «እግረኛ» ብሎ ጻፈ። ይታረምልኝ ብዬ ስንት ቢሮ እንደተመላለስሁ እግዚአብሔር ያውቃል። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሣ፣ በአዲስ መልክ የተዋቀረው ሠራዊት ከፈረሰው ሠራዊት ባለሙያዎችን ሲጠራ፣ እኔም ሄድሁ። ወረቀቴን አይተው «መገናኛ አይልም» አሉኝ። ጠረጴዛው ላይ በጣቴ ሞርስ፣ ፊደል በአጭርና በረጅም ምት የሚላክበትን የመገናኛ ምልክት፣ መታሁላቸው። ቀና ብሎ ያየኝ አልነበረም። 11 ዓመት ያገለገልሁበት ሙያ በአንድ ሰው ብዕር ጠፋ፤ ኑሮዬን ፒያሳ አካባቢ የሰው ሬዲዮ በመጠገን ገፋሁት። አሁን ደግሞ የእናንተ ብዕር የጠፋውን ስም መልሶ አመጣና ከ«ሸሹ» ጋር አጣመረው።

ያቺን ዓረፍተ ነገር አርሙልን። ደሴ ውስጥ በሕይወት ያለን የመገናኛ ሰዎች ጥቂት ነን፤ ጋዜጠኛችሁ መጥቶ ይጠይቀን።

አመዱን የበተነው ባልንጀራዬ ዛሬ ዓይኑ አያይም። ጋዜጣ የማነብለት እኔ ነኝ። ዘገባችሁን ሳነብለት እዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ዘልዬ አለፍኋት። እርማቱ ሲወጣ ሁለቱንም አነብለታለሁ።

የቀድሞ የመገናኛ ባልደረባ
ከደሴ