«አሞራ ቀነሰ» ከማለታችሁ በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ዱር እንስሳት በምታወጡት ዜና ውስጥ ቁጥር አይታጣም። የሚታጣው ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ነው። «ጥንብ አንሳ ከበፊቱ በግማሽ ቀንሷል» ተብሎ ይጻፍና ማን ቆጠረው፣ በየትኛው ወር፣ ስንት ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ በስንት ሰዓት የሚለው ሳይነሳ ዜናው ያልቃል። በዓመቱ ሌላ ሰው ሌላ ቦታ ቆጥሮ «ጨምሯል» ይላል፤ እሱም ይወጣል። አንባቢ ከሁለቱ ምን ይዞ ይሂድ?

መቀነሱን አንጠራጠርም። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 የአፍሪካን ጥንብ አንሳዎች ደረጃ ሲከልስ አራት ዝርያዎችን ለመጥፋት እጅግ በተቃረቡት መደብ ውስጥ አስገብቷል። አራቱም በአገራችን ሰማይ ላይ አሉ። አንደኛው በየቄራው አጥር ላይ የምናየው፣ መንቁሩ ቀጭን፣ ፊቱ ሮዝ የሆነው ትንሹ ቡናማ ጥንብ አንሳ ነው። ሰው በየቀኑ ስለሚያየው የተትረፈረፈ ይመስለዋል። ነገር ግን ቄራ ላይ የተሰበሰበ መቶ አሞራ ከሩቅ ወረዳዎች ጭምር የመጣ ሊሆን ይችላል። «በድን ባለበት በዚያ አሞራዎች ይሰበሰባሉ» የሚለውን ቆጣሪም ሊያስታውሰው ይገባል፤ የተሰበሰቡበት ቦታ ላይ ብቻ የቆጠረ ሰው የቆጠረው በድኑን ነው።

ሁለተኛው ችግር የመቀነሱ አዝጋሚነት ነው። በዓመት አምስት በመቶ እየቀነሰ የሚሄድ ወፍ ዘንድሮ 100 ቢሆን ለከርሞ 95 ነው። ይህን ዓይን አይለየውም። በ10ኛው ዓመት ግን 60 ገደማ ይቀራል፤ በ14ኛው ከግማሽ በታች ይወርዳል። አብዛኞቹ ጥንብ አንሳዎች በዓመት ከአንድ እንቁላል በላይ አይጥሉም፤ ጫጩቱም እስኪራባ አምስት ዓመት ገደማ ይወስድበታል። ስለዚህ በአንድ ቀን የሞቱ ሠላሳ አዋቂ ወፎች የሚተኩት በብዙ ዓመት ነው።

ወቅትን በተመለከተ የእኛ አገር የራሱ ጣጣ አለው፤ ከውጭ የተቀዳ መመሪያ ይህን አይነግራችሁም። በሁዳዴ 55 ቀን ውስጥ እርድ ይቀንሳል። ቄራው ሲቀዘቅዝ የሚጣለው አንጀትና አጥንት ይቀንሳል፤ ወፎቹም ይበተናሉ። መጋቢት ላይ ቄራ ሄዶ «ግማሹ ጠፍቷል» ያለ ሰው ፋሲካ ማግሥት ቢመለስ ሁሉንም ቆመው ያገኛቸዋል። ጾሙ የበድን በላተኞችን ሕይወት እንደሚለውጥ ከጅብም ይታወቃል። በሰሜን ኢትዮጵያ በጅብ ዓይነ ምድር ውስጥ የተገኘውን ፀጉር የመረመረ ጥናት በጾሙ ወቅት የአህያ ድርሻ ከፍ ማለቱን አሳይቷል፤ የቄራ ትርፍ ሲቀንስ ጅቡ ራሱ ወደ ማደን ዞሯል ማለት ነው። ስለዚህ የቄራ ቆጠራ ሲነጻጸር ጾም ከጾም፣ ፍስክ ከፍስክ ጋር ይሁን። ቄራው ታጥሮ ትርፉን በዝግ ማስወገድ ከጀመረ ደግሞ የዚያ ቦታ ቁጥር ከዚያ ወዲህ ስለ ወፉ ብዛት አይናገርም፤ ስለ አጥሩ ነው የሚናገረው።

የፈረንጅ ክረምትም አለ። የግብፅ ጥንብ አንሳ የሚባለው፣ ሲጎለምስ ነጭ ሆኖ ፊቱ ቢጫ የሆነው፣ ከባልካን፣ ከቱርክና ከካውካሰስ ተነሥቶ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይገባል፤ አፋር ላይ በመቶ የሚቆጠሩት አንድ ላይ ሲያድሩ ይታያል። የካቲትና መጋቢት ላይ አዋቂዎቹ ይመለሳሉ። የጥርን ቆጠራ ከሐምሌው ጋር አስቀምጦ «ተመናመነ» ማለት እንግዳ ወደ ቤቱ ሲሄድ «ሞተ» እንደማለት ነው።

እንግዲህ የሚያዛልቀው የመንገድ ቆጠራ ነው። አንድ መስመር ይመረጣል፤ ከ100 እስከ 200 ኪሎ ሜትር ቢሆን ይበቃል። በዓመት አንዴ ቢቻል ሁለቴ፣ በዚያው ወር፣ በዚያው አቅጣጫ ይነዳል። መኪናው ውስጥ ሾፌሩና ሁለት ተመልካቾች ይኖራሉ፤ አንዱ ግራውን አንዱ ቀኙን ይይዛል፤ ሾፌሩ አይቆጥርም። ፍጥነቱ ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። መነሻው ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ባይሆን ይመረጣል፤ ከባድ ወፎች መሬቱ ሞቆ አየሩ ሽቅብ እስኪገፋቸው ዛፍና ገደል ላይ ተቀምጠው ስለሚቆዩ ማልዶ የተነሣ ቆጣሪ ብዙ ያመልጠዋል። ዝናብና ጭጋግ ካለ ቀኑ ይለወጥ። ወፍ ሲታይ መኪናው ይቆማል፤ ዝርያው፣ ብዛቱ፣ የሚበርና የተቀመጠው ተለይቶ፣ ጎልማሳና ወጣቱ ተለይቶ፣ ቦታው በጂፒኤስ ተይዞ ይጻፋል። ኋላ ላይ ሲበር የታየው ከፊት የታየው ራሱ መሆኑን ከተጠራጠራችሁ አትቁጠሩት፤ መጠራጠራችሁን ግን ጻፉ።

ውጤቱ የሚነገረው በ100 ኪሎ ሜትር ነው። ለምሳሌ በ180 ኪሎ ሜትር 24 ወፍ ከታየ በ100 ኪሎ ሜትር 13.3 ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት መንገድ ተበላሽቶ 120 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢነዳ እንኳ ማነጻጸር ይቻላል። አንድም ያልታየበት ክፍል «0» ተብሎ ይመዝገብ፤ ባዶ ሣጥን አይተው። ባዶ ሣጥን «አልሄድንም» ነው፤ ዜሮ «ሄደን አጣን» ነው። ከዓመታት በኋላ መዝገቡን የሚከፍት ሰው ሁለቱን የሚለይበት ሌላ መንገድ የለውም፤ ብዙ የድሮ መዝገብ ከጥቅም ውጭ የሆነውም በዚህ ነው።

ቄራና ቆሻሻ መጣያ ላይ ሌላ ሕግ ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ይቆጠራል፤ በቀኑ ውስጥ በአንድ ጊዜ የታየው ከፍተኛው ቁጥር ይወሰዳል እንጂ አይደመርም። ጠዋት 60፣ ቀትር ላይ 80፣ ማታ 50 የታየበት ቦታ 190 ወፍ የለውም፤ ቢያንስ 80 አለው። የአንድን ቀን ሦስት ፎቶ የደመረ ዘገባ አንብበን እናውቃለን፤ በምን ጋዜጣ እንደሆነ አንናገርም።

ዝርያ መሳሳትም አለ። ብዙዎች አባ ኮዳ የሚሉት፣ ረጅም እግር ያለው፣ ጉሮሮው ላይ ከረጢት የተንጠለጠለበት በሐዋሳ ዓሣ ገበያ የሚታየው ወፍ ጥንብ አንሳ አይደለም። ጅራቱ መሐሉ የገባው የከተማ ጭልፊትም አይደለም። ሁለቱም ቆሻሻ ላይ ስለሚበዙ «አሞራ» በሚለው አንድ ቃል ሥር ከገቡ ቁጥሩ ያድጋል፤ እውነተኛው ጥንብ አንሳ እየጠፋ ሰንጠረዡ ደህና ይመስላል።

እስካሁን ያልነው ስለ ሕያዋኑ ነው። የሞተው ወፍ ግን ከሕያው በላይ ይናገራል፤ የሚያሳዝነው ሰው አንሥቶ ይጥለዋል። የወደቀበት ቦታ ገዳዩን ይጠቁማል። ከበድን አጠገብ ብዙ ወፎች አንድ ላይ ወድቀው፣ ጥፍራቸው ተጨብጦ፣ በድኑ ላይ ያረፉት ዝንቦችም ሞተው ከተገኙ መርዝ ነው ብላችሁ ተነሡ። ከመብራት ምሰሶ ሥር ክንፉ ወይም እግሩ ተቃጥሎ ከተገኘ ኤሌክትሪክ ነው። በሁለት ምሰሶ መካከል ክንፉ ተሰብሮ ከወደቀ ከሽቦው ጋር ተጋጭቷል። ከበድኑ ርቆ ዛፍ ሥር ብቻውን፣ ከመሞቱ በፊት ለቀናት አንገቱን አቀርቅሮ ታይቶ፣ ሲከፈት ልቡና ጉበቱ ላይ እንደ ኖራ ያለ ነጭ ነገር ከተገኘ ኩላሊቱ ከሽፏል፤ ለከብት የተሰጠ መድኃኒት ሊሆን ይችላል።

መርዙ ብዙ ጊዜ የተጠመደው ለጥንብ አንሳ አይደለም። ጅብ ከብት የበላበት ሰው በተረፈው ሥጋ ላይ ፀረ ተባይ ይረጫል፤ ከተማ ባለቤት አልባ ውሻ ለመቀነስ መርዝ በሥጋ ያድላል። የሞተውን ውሻ የሚያነሣው ማነው? ቆሻሻ መጣያ ከደረሰ ወፉ ነው የሚያነሣው። አንድ በድን ምን ያህል እንደሚገድል ቦትስዋና ላይ ታይቷል፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 በሦስት የተመረዙ የዝሆን በድኖች ዙሪያ 537 ጥንብ አንሳዎች ሞተው ተገኝተዋል። እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ ሰው በባዶ እጁ አይንካ። ፎቶ ያንሳ፣ ቦታውን ይያዝ፣ ወፎቹን በዝርያ ይቁጠር፣ ለፓርኩ ወይም ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ይደውል። ባለሙያ ሲደርስ አንገት ሥር ካለው የምግብ ከረጢት፣ ከጉበትና ከኩላሊት ናሙና ወስዶ በንጹሕ ዕቃ ያቀዘቅዛል፤ ናሙናው ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ማን ለማን መቼ እንደሰጠው ካልተጻፈ ፍርድ ቤት አይቆምም። ከዚያ በኋላ በድኑ ይቃጠላል። ሳይቃጠል ቢያድር ጅቡም ቀበሮውም ሌላው ወፍም ይበላውና ሞቱ ይቀጥላል። ሰው ተቸኩሎ መጀመሪያ አቃጥሎ ከዚያ ሲደውል ደግሞ ማስረጃው አመድ ሆኗል፤ ቅደም ተከተሉ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ስለ መብራት መስመሩ ዘርዘር እናድርግ፤ በቀላሉ የሚስተካከለው እሱ ነውና። አደገኛው ግዙፉ የከፍተኛ ኃይል ማማ ሳይሆን 15 እና 33 ኪሎ ቮልት የሚሸከመው የማከፋፈያ ምሰሶ ነው። አግዳሚው ብረት ወይም ኮንክሪት ሆኖ ከመሬት ጋር ሲገናኝ፣ ሽቦውን ተሸክሞ ኤሌክትሪኩ ወደ ምሰሶው እንዳይተላለፍ የሚያግደው ስኒ ከላዩ ቀጥ ብሎ ሲቆምና ሽቦው ከአግዳሚው ጥቂት ከፍ ብሎ ሲያልፍ፣ አግዳሚው ላይ ያረፈ ወፍ ክንፉን ሲዘረጋ ሽቦውን ይነካል። የግብፅ ጥንብ አንሳ ክንፍ ተዘርግቶ 1.7 ሜትር ገደማ ነው፤ አያመልጥም። መፍትሔው ስኒውን ከአግዳሚው ሥር ማንጠልጠል፣ ይህ ካልሆነ ሽቦውን ከስኒው በግራም በቀኝም 70 ሴንቲ ሜትር ያህል በመከላከያ መሸፈን ነው። ሽፋኑ ፀሐይ ሲያደርቀው ስለሚሰነጠቅ በየጊዜው መታየት አለበት፤ ገና ሲተከል በተንጠለጠለ ስኒ የተሠራ ምሰሶ ይህ ጣጣ የለበትም። ሱዳን ውስጥ ከፖርት ሱዳን አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተዘረጋ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ አንድ መስመር ለአሥርተ ዓመታት ጥንብ አንሳ ሲገድል ኖሮ የተቋረጠው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ያ መስመር ከገደላቸው ወፎች መካከል ወደ እኛ አፋር የሚመጡት ሊኖሩ ይችላሉ።

ምሰሶ ሥር ሲፈተሽ በየምሰሶው ዙሪያ እስከ 10 ሜትር ይታያል። የተገኘው ግን ከሞተው ያንሳል፤ ጅብና ውሻ ሌሊት ስለሚወስዱት። ምን ያህል እንደሚወሰድ ለማወቅ የሞቱ 10 ዶሮዎች በተለያዩ ምሰሶዎች ሥር ይቀመጡና በፍተሻዎቹ መካከል ባለው ያህል ቀን ተቆይቶ ይታያሉ። 4 ብቻ ከቀሩ፣ በፍተሻ የተገኘ 6 ወፍ ወደ 15 ይጠጋል ማለት ነው። ግምት ነው፤ ግን «6 ሞቱ» ከሚለው ይሻላል።

ወደ መድኃኒቱ ስንመጣ ነገሩ ከህንድ ይታወቃል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጥንብ አንሳ ረገፈ፤ የአንዱ ዝርያ ከ99 በመቶ በላይ ጠፋ። ምክንያቱ ለከብት ሕመም ማስታገሻ የተሰጠ ዳይክሎፌናክ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2004 ታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ለእንስሳት እንዳይሰጥ ታገደ። ለዚያ ሁሉ እልቂት ከመቶ በድን አንዱ እንኳ መበከል አልነበረበትም። ዳይክሎፌናክ እኛም ጋ በየፋርማሲው ለሰው ይሸጣል። ከታገደ በኋላም ህንድ ውስጥ ለሰው የተዘጋጀው ትልቅ ጠርሙስ ወደ ከብት እየሄደ አስቸግሮ ነበርና የእኛ የእንስሳት ሐኪሞች ይህን በር አስቀድመው ቢዘጉ ጥሩ ነው። ሜሎክሲካም የሚባለው ማስታገሻ ለከብቱም ይሠራል፣ ወፉንም አይገድልም። ኬቶፕሮፌንና አሴክሎፌናክ ግን ተተኪ አይደሉም፤ እነሱም ይገድላሉ።

ከእናንተ የምንጠይቀው ትንሽ ነው። ከዱር እንስሳ ቁጥር አጠገብ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተነዳውን ኪሎ ሜትር ወይም የተቆጠረበትን ቦታ፣ የዝርያውን ስም፣ እንዲሁም ከዚህ በፊት በዚያው መንገድና በዚያው ወር የተገኘውን ቁጥር አትሙ። ምንጫችሁ እነዚህን መስጠት ካልቻለ «ቀነሰ» የሚለውን ቃል ትታችሁ «ነዋሪዎች እንደሚያዩት ከሆነ» በሉ። ቆጣሪዎች ሄደው አንድም ወፍ ያላዩበትን መስመርም አውጡት፤ እስካሁን ዜና ሆኖ አይተነው አናውቅም።

ከአክብሮት ጋር፣
በአዕዋፍ ቆጠራ ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ