ለሐኪሙ ስለ አባትህ ንገረው

ልጄ፣

ማታ ደውለህ «እማ፣ የጉበት ቫይረስ አለብህ ተባልኩ፤ ግን መድኃኒት አያስፈልግህም አሉኝ» ብለህ ሳቅክ። እኔን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሐኪሙ አልዋሸህም። ሄፓታይተስ ቢ፣ ያ የጉበት ቫይረስ፣ ያለበት ሁሉ ክኒን አይጀምርም። ቫይራል ሎዱ፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለው የቫይረሱ መጠን፣ ከ2000 በላይ ሆኖ የጉበት ኢንዛይሙም ከልኩ ካለፈ ይጀመራል። ጉበቱ ጠባሳ ከያዘ ደግሞ ይህን ቁጥር አይጠብቁም። ያንተ ሁሉም ደህና ነው፤ ተመስገን። ግን «በቤተሰብ የጉበት በሽታ አለ?» ሲልህ ምን አልከው? «የለም» ብለሃል። እንደዚያ ያልንህ እኛው ነን።

አባትህ በጨጓራ አልሞተም።

የዓይኑ ነጭ ቢጫ የሆነ ሰሞን አንተ የሚኒስትሪ ተፈታኝ ነበርክ፤ አክስትህ ቤት የላክንህ ለዚያ ነው። ሆዱ ተነፍቶ ቀበቶው አልደርስ ሲለው ሱሪውን በነጠላ ቁራጭ ያስር ነበር። እግሩ ግን ከስቶ አጥንት ብቻ ቀረ። አልትራሳውንድ ሲነሳ የጉበት ካንሰር ተባለ። አያትህ «ለሰው እንዳትተነፍሱ፣ ልጆቹን ማን ያገባቸዋል» አለች። ለቅሶ ላይ ጨጓራ ተባለ፤ በዚያው ቀረ። ነርስነቴም አፌን አላስከፈተኝም።

እናንተ ስትወለዱ የቢ ክትባት ለሕፃናት አይሰጥም ነበር፤ እዚህ አገር የተጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ ሰኞ ተመለስና ስለ አባትህ ንገረው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ፣ ቤተሰቡ ውስጥ የጉበት ካንሰር ያለ ሰው ቁጥሩ ዝቅ ቢልም መድኃኒት ሊጀምር ይገባል። ሳይነገረው ከየት ያውቃል?

ቴኖፎቪር ካዘዘልህ በቀን አንድ ፍሬ ነው። ተሻለኝ ብለህ በራስህ እንዳታቆም፤ ቫይረሱ ብሶበት ይነሳል። አይ፣ ቆይ ካለህም ቀጠሮህን አትዝለል። ያ ጎረቤትህ የሚያመሰግነውን የሥር መድኃኒት እንዳትቀምስ! ጉበትህን ራሱ ሊጎዳው ይችላል።

ሚስትህን አስመርምራት፤ ነጻ ከሆነች ክትባቱን ሦስቴ ትውጋ። ምላጭና የጥርስ ብሩሽ ለየብቻ። አብሮ በመብላት አይተላለፍም፤ ጉርሻህን እንዳትነፍጋት የኔ ጌታ።

ለእህቶችህ የምነግራቸው እኔ ነኝ፤ እንዳትቀድመኝ። አንተ ለሐኪሙ ስለ አባትህ ንገረው። የውጤቱንም ወረቀት ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም ላክልኝ፤ ቀኑ ይታይ።

እናትህ