ወደ ጋና ከመነሳትሽ በፊት

ልጄ፣

ወንድምሽ ነግሮኝ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በስልክ የተላከልሽን ፎቶ አይተሽ ለኮኮዋ፣ ለቸኮሌት መሥሪያው ዘር፣ ቀብድ ልትከፍዪ ነው አለኝ። ዘሩን ሳትቆርጪ አትስማሚ! ከላይ ያማረ ዘር ውስጡ ምን እንደሆነ ፎቶ አይነግርሽም።

ደግሞስ ጋና ውስጥ ገበሬ ኮኮዋውን በቀጥታ ለውጭ ሰው ይሸጣል ያለሽ ማነው? ዋጋውን የሚወስነው መንግሥት ነው፤ ከገበሬው የሚረከቡት ፈቃድ ያላቸው ገዢዎች ናቸው፤ በበላይነት የሚቆጣጠረው ኮኮቦድ የሚባለው የመንግሥት የኮኮዋ ቦርድ ነው። እርሻው ላይ ጆንያ አስጭንልሻለሁ ለሚልሽ ሰው ሳንቲም እንዳትሰጪ።

ስትደርሺ ቶሎ ብለሽ ወደሚብላላው ክምር ሂጂ። ነጩን ሥጋ የለበሰው ዘር በሙዝ ቅጠል ተሸፍኖ ስድስት ቀን ያህል ይቆያል፤ በየሁለት ቀኑ ይገላበጣል። መጀመሪያ እንደ ጠላ፣ ኋላ እንደ ኮምጣጤ ይሸታል። እጅሽን ወደ ክምሩ አስጠጊ፤ ሙቀቱ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ስለሚደርስ ይለበልባል። ካልጋለ በደንብ አልተብላላም፤ ካልተገላበጠ ደግሞ መሃሉ በስሎ ዳሩ ጥሬ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ከመሬት ከፍ ባለ ምንጣፍ ላይ እንዲደርቅ ይሰጣል። እርጥበቱ ወደ 7 በመቶ ካልወረደ ጆንያ ውስጥ ይሻግታል፤ በጣም ተቻኩሎ ከደረቀም ኮምጣጣው ውስጡ ይቀራል። እፍኝ ሙሉ ጨብጠሽ ስትጨምቂው ከተንኮሻኮሸ ደርቋል ማለት ነው።

አሁንም እላለሁ፣ ሳትቆርጪ አትስማሚ። ከጆንያው ላይ፣ መሃልና ታች ዝገኚና ደባልቂው። 300 ዘር ቆጥረሽ በርዝመቱ ሰንጥቂ፣ ሁለቱንም ግማሽ በብርሃን እዪ። ውስጡ ቡናማና የተሰነጣጠቀ ከሆነ ጥሩ ነው። ግራጫና ድፍን ከሆነ አልተብላላም፤ ቢቆላም አፍ የሚይዝ ምሬት እንጂ የቸኮሌት ጣዕም አይወጣውም። ከ300ው የሻገተው ከ9 ካለፈ አንደኛ ደረጃ አይደለም። የሻጋታ ጣዕም ቢቆላም ቢፈጭም አይለቅም።

ያንን ጆንያ አንቺም አትረሺውም። ሽታውን ወድጄ ሳልቆርጥ የገዛሁትን። ቸኮሌቱን ቀምሰሽ ፊትሽን ስታጨማድጂ ተቆጣሁሽ። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሽ፣ ግን ልክ ነበርሽ። ሳልነግርሽ ይኸው ስንት ዓመት ሆነ፤ አሁንም ይቆጨኛል።

የቢጫ ወባ ክትባት ከመግባታችሁ ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፤ ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር ያዢ። ትንሹ ልጅሽ ገና ዘጠኝ ወር ስላልሞላው ሐኪሙን ሳታማክሪ አትውሰጂው፤ ከፈለግሽ እኔ ጋ ይቆይ፣ ዓይኔ ነው። የወባ መድኃኒቱን ባልሽ እንዳይረሳ አስታውሺው፤ አጎበርም ያዙ። መድኃኒት የተረጨ እርሻ ውስጥ ልጆቹን አታስገቢ። ፍሬ ሲሰበር ከገጀራው ይራቁ። ነጩን ሥጋ ይምጠጡት፣ ይወዱታል፤ ዘሩን ግን ይትፉት።

የመቁረጫ ቢላዋውን የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አድርጊው፤ በእጅ ከያዝሽው ይቀሙሻል። ስለቱን በጨርቅ ጠቅልዪው።

እናትሽ